ለፈረስ ዓመቷ ሴት የታሰረ ጨርቅ

ውድ ሞሪዮ፣

ፎቶህን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ፤ እንዳይከፋህ። ሩዝህን ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው አስቀምጥልሃለሁ፣ ፊትህን ለግድግዳው ሰጥተህ ብላ። አንተን እያየሁ ይህን ደብዳቤ መጻፍ አቅቶኝ ነው። ያ ምንም የማያውቅ የሚመስለው ፈገግታህ ሰሞኑን ደሜን ሲያፈላው ነው የከረመው።

ከእሳቱ የተረፈው አፅምህ አሁንም እዚሁ ሳሎን ነው፣ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ። በአርባ ዘጠነኛው ቀን እንደ ሁሉም ሰው ወደ መቃብር መውረድ ነበረብህ፤ እኔ ነኝ አልሰጥም ያልኩት። መነኩሴው ደውለው «ወይዘሮ ቺዙሩ፣ ነገሩ እንዴት ነው?» ቢሉኝ ዝናቡን ሰበብ አደረግኩ። ዝናቡ ሲያባራ ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። ድንጋይ ጠራቢውም እኔኑ ይጠብቃል። ያንተን ስም ቀርጾ ጨርሷል። የሚቀረው ከጎንህ የኔን ስም መቅረጽና፣ ገና በሕይወት ስላለሁ፣ ቀይ ቀለም መቀባት ነው፤ ለማንኛዋም ሚስት እንደሚደረገው። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ልቀጥል ወይስ ልተወው?» ይለኛል። አንዴ ድንጋይ ላይ ከተጻፍኩ እኮ ለዘላለም ካንተ ጋር ነኝ። ለዘላለም አብሬው የምተኛው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ማወቅ አለብኝ። እኔን ታውቀኛለህ፣ ዓሣ ስገዛ እንኳ ጉንጩን ገልጬ ሳላይ ወደ ቤቴ አላስገባም።

ነገሩ የጀመረው በረዶው ቀልጦ ወንዙ በሞላ ሰሞን ነው። አንተ ለሱቃችን የመጀመሪያውን ድስት ዩባ ካወጣህ በኋላ በየማለዳው ወደ ገደሉ ትወርድ ነበር። እኔ አብሬህ ሄጄ አላውቅም፤ የአኩሪ አተሩ ወተት ላይ ቆዳው ሲሰፍር በቀርከሃ የሚያነሳው ሰው ከሌለ ድስቱ ሙሉ ይበላሻላ! ሰው ሲጠይቀኝ «ሞሪዮ ሳንባውን ሊያናፍስ ወርዷል» እል ነበር። ከሞትክ በኋላ ግን አንድ ማለዳ እሳቱን አጠፋሁና ባንተ መንገድ ወረድኩ። ናፍቀኸኝ ነበር፣ ምን ይደረግ። እግርህ በረገጠበት ልርገጥ ብዬ ነው።

የሞቱ ሕፃናትን የሚጠብቁት የድንጋይ ጂዞዎች እንደ ድሮው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ተደርድረዋል። ራስ የሌለው አለ፣ አፍንጫው የተገመሰ አለ፣ ጎርፍ የወሰደውም መቀመጫው ባዶውን ቀርቷል። የድንጋይ ደረታቸው ላይ እንደ ሕፃን ቀይ የለሃጭ ጨርቃቸውን አስረዋል። ውሃው ከቋጥኝ ጋር እየተላተመ ሲጮህ አጠገብህ ያለ ሰው ቢያወራህ አትሰማም። ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ጥዱ ሥር፣ ጉንጨ ሙሉው ጂዞ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ያሰረው ጨርቅ አዲስ ነው። ገበሩ ሰማያዊ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ የሥራ ሽርጥህ! በምድጃ ያቃጠልከውን ቦታ ሳይቀር አወቅኩት።

ገለጥኩት። ውስጡ ላይ፣ በዚያ ወደ ግራ በሚያዘነብለው የእጅ ጽሑፍህ፣ «ለእሳት ፈረስ ዓመት ሴት» ይላል። ስም የለም። ከሥሩ ሌላ ጨርቅ አለ፣ የአምና። ከሱም ሥር ሌላ። የታችኞቹን ፀሐይና ዝናብ በልቷቸው ቀያቸው ጠፍቷል፤ ጽሑፉ ግን ያው ነው። እዚያው እርጥብ ቅጠል ላይ ተቀመጥኩ።

ለሞተ ሕፃን ነው እንዳልል የሞተ ሕፃን የለንም፤ የወለድነው አንድ ልጅ ሴንዳይ ከተማ ባቡር ይነዳል፣ እሱም ወንድ ነው። አንተ የተወለድከው በነብር ዓመት ነው። እኔ በበግ። በቤታችን ፈረስ የለም። ያውም የእሳት ፈረስ! በስልሳ ዓመት አንዴ የምትመጣ፣ በሷ የተወለደች ሴት ባሏን ትበላለች ተብሎ ስንቱ ሰው ልጅ መውለድ የተወባት ዓመት። እኔ ለጥቂት ነው ያመለጥኳት፤ እናቴ «አዲሱ ዓመት ገብቶ ነው የወጣሽልኝ፣ ተመስገን» ስትል ነው ያደግኩት። ዘንድሮ ደግሞ ያቺ ዓመት ተመልሳ መጥታለች፤ በየሱቁ ወሬው እሷው ሆናለች።

እዚህ ከተማ የዚያ ዓመት ሴቶች እነማን እንደሆኑ የማያውቅ የለም። አንዷ በወጣትነቷ ኦሳካ ሄዳ ቀረች። አንዷ ሞታለች። የቀረችው ሳዮኮ ናት። ባለ ፀጉር ቤቷ ሳዮኮ! አንተ በየወሩ የምትሄድባት! መላጣ ሰው ፀጉር ቤት ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ በጋብቻ ዘመናችን ሁሉ ሳልጠይቅ እንዴት ኖርኩ? ለቅሶህ ላይስ ማን ነበረች ከኔ በላይ ስትነፋረቅ የነበረችው?

ስመለስ ገደሉ አፍ ላይ የሩዝ ድቡልቡል፣ ዳንጎ፣ የሚሸጡት እማማ ኦቶሜ ጋ ጎራ አልኩ።

«እማማ ኦቶሜ፣ ባሌ እዚህ ከማን ጋር ነበር የሚመጣው?» አልኳቸው እንደ ዋዛ።

«ብቻውን ነዋ። ከማን ጋር ይምጣ?»

«ሴት አላዩም?»

«ባይማ ላንቺ ከመንገሬ በፊት ለከተማው ሁሉ አዳርሰው ነበር» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ሰብሰብ አደረጉት። «ብቻ ልጄ፣ ሰውዬሽ ሲጸልይ ይጮህ ነበር።»

«ይጮህ?»

«ወንዙ ነዋ! በሹክሹክታ ቢለምን ጂዞው በምኑ ይሰማዋል? ውሃው ጎደል ሲል እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ‹የፈረስ ዓመቷ ሴት ከኔ በፊት ትሙት! ባንድ ቀንም ቢሆን ትቅደመኝ!› ይላል። በየማለዳው። እኔማ የምታስቸግረው ጎረቤት አለች ብዬ ዝም አልኩ።»

ዳንጎውን ጥዬላቸው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርህ፤ ተቀምጬ ነገር ስፈትል ሰነበትኩ። የአንዲትን ሴት ሞት የምትለምነው ለምንድን ነው? ምስጢርህን ይዛብሃለች ማለት ነው። ቀድመሃት ከሞትክ ለቅሶህ ላይ መጥታ እንዳታዋርድህ ፈርተሃል። ዩባውን ሳነሳ ይህንኑ ሳስብ ስንቱን ቆዳ ቀደድኩት መሰለህ። ሁሉ ነገር ገጠመልኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ሲገጥምልኝ ደስ አለኝ። ካንተ በኋላ እንዲህ ባዶ ቤት ቁጭ ብሎ ከማልቀስ መናደድ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ደንበኛ እንዳይኖር ዝናባማ ቀን መርጬ ሳዮኮ ጋ ሄድኩ። «የፊቴን ለስላሳ ፀጉር ላጪልኝ» አልኳት። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛችው፤ ትኩስ ፎጣ፣ ከዚያ አረፋ። ምላጩን ጠፍሩ ላይ ስትስለው ስሰማ ነው በማን እጅ እንደገባሁ የገባኝ። የባሌን ውሽማ ልመረምር ሄጄ ጉሮሮዬን አስረከብኳት!

«ሞሪዮ እዚህ ይመጣ ነበር አይደል» አልኩ፣ ከንፈሬን ብዙ ሳላንቀሳቅስ።

«በየወሩ። አታውሪ፣ እቆርጥሻለሁ።»

«ምኑን ነበር የሚቆረጠው?»

ምላጩ ጉንጬ ላይ ቆመ። ከዚያ ሳዮኮ ሳቋን ለቀቀችው። «ጆሮውን ነዋ የምላጨው! ጫካ እኮ ነው። አናቱ ላይ የጠፋው በሙሉ ጆሮው ውስጥ ነበር የበቀለው።»

እውነቷን ነው፣ ጆሮህ ንጹሕ ነበር። ግን አልሳቅኩላትም። «ጂዞ ላይ ጨርቅ አስሮልሻል» አልኳት።

«ለማን?»

«ለእሳት ፈረስ ዓመት ሴት። በዚህ ከተማ ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

ምላጩን ጠረገች፣ አስቀመጠች፣ ወንበሩን ቀና አድርጋ ፊት ለፊቴ ቆመች። «ቺዙሩ፣ አንቺ እኔን ከባልሽ ጋር ጠርጥረሽ ነው አንገትሽን ሰጥተሽኝ የተኛሽው?»

«አዎ።»

«ጀግና ነሽ» አለችና ወደ ጓዳ ጮኸች፦ «አንተ! ስማ እንጂ! ውሽማ አለሽ ተብያለሁ!»

ባሏ ከመጋረጃው ወዲያ ቤዝቦል እያየ ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ። እራት ደርሷል?» አለ።

ያኔ ነው ጥርጣሬዬ እንደ ጨው መሟሟት የጀመረው፤ እኔ ግን እንደምንም ይዤው ነበር። «ታዲያ ለቅሶው ላይ ምን አነፋረቀሽ?» አልኳት።

ሳዮኮ ፎጣውን ይዛ ደንበኛ የሚጠብቅበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ባልሽ አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር» አለች። «ገና ፀጉር ቤቱን ከአባቴ እንደተረከብኩ፣ እናንተም አዲስ ተጋቢ ሳላችሁ ነው። ‹የፈረስ ዓመት ሴት መሆን ምኑ ላይ ነው የሚያመው?› ይለኛል። እቀልድበታለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን ነገርኩት። ትምህርት ቤት የሰደቡኝ አይደለም፣ የተላኩት ሽማግሌዎች ዓመቴን ሰምተው የተመለሱትም አይደለም። እኔ የምፈራው ባሌ የሞተ ቀን ነው። ያን ቀን ሰው ሬሳውን አያይም፣ እኔን ነው የሚያየው። ‹ይኸው በላችው› ነው የሚለኝ። ያንን ወፍራም ሰውዬ ያለ ጨው የማበላው ለምን ይመስልሻል? እንዲህ ብዬ ለሞሪዮ ስነግረው፣ ጆሮውን እንደያዝኩት እንባው ወረደ። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ላልቅስ ወይስ ልሳቅ?»

«ማንን አስቦ ነው የጠየቀሽ?»

«እሱን አላውቅም፣ አልነገረኝም። ግን ሞሪዮ መርፌ መያዝ ይችላል እንዴ? ጨርቁን የሰፋውን ሰው ጠይቂ።»

ስፌቱ ትዝ አለኝ። እንደ ሰሊጥ ደቃቅ፣ እኩል እኩል። በከተማው እንዲህ የሚሰፋው አንድ ሰው ብቻ ነው። ግማሽ ፊቴ ሳይላጭ ዘልዬ ወጣሁና በዝናቡ ወደ እህትህ ቤት ሮጥኩ።

እትዬ ፉሳኮ በረንዳቸው ላይ ሆነው በጨው ሊዘፈዝፉት ያሰቡትን ፕሪም ጭራውን በስንጥር እየነቀሉ ነበር። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋቸውም።

«እትዬ፣ የፈረስ ዓመቷ ሴት ማን ናት?»

«ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ፊቴን ይተዉት። ማን ናት?»

«የምን ፈረስ ነው የምታወሪው» አሉ፤ ስንጥሩ ግን ፕሪሙ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ።

«አይደብቁኝ! የለቅሶው ቀን እንዴት እንዳዩኝ አይቻለሁ። ከሰው ሁሉ ለይተው እኔን ነበር የሚያዩት። የሚያውቁት ነገር አለ። ጨርቁን የሰፉት እርስዎ ነዎት። ወንድምዎ ነውና ሊሸፍኑለት…»

«አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«እኔ ምን?»

«ፈረሷ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ሞኝ!»

ሞሪዮ፣ መጀመሪያ ስድብ መሰለኝ። ቀስ ብለው ነው የነገሩኝ፣ ፕሪሙን ሳይቀር ወደ ጎን ገፋ አድርገው። የተወለድኩት ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በበረዶ፣ ቤት ውስጥ ነው አሉ። እናቴ አዋላጇን ለምና ለማንም እንዳትተነፍስ አደረገቻትና፣ አዲሱ ዓመት ሲገባ በበግ ዓመት አስመዘገበችኝ። ከሠርጋችን በፊት ግን ልቧ አላስችል ብሏት አንተ ጋ መጣች። እትዬ ፉሳኮ ሻይ ይዘው ሲገቡ እናቴ ምንጣፍ ላይ ተደፍታ ታለቅስ ነበር። «ልጄ ፈረስ ናት፣ አውቀህ ግባበት» ብትልህ፣ አንተ «ታዲያ እኔ ድርቆሽ ነኝ እንዴ የምትበላኝ?» አልካት አሉ።

«አባታችን ቢሰማ ኖሮ ሠርግ የሚባል ነገር አልነበረም» አሉኝ እትዬ። «አንቺም እንዳትሰሚ አስማለኝ። አፌን ይዤ ኖርኩ።»

«እንግዲያ ጂዞው ላይ ለምን ጻፈው?»

«እኔስ መች ተውኩት! ‹የበግ ብለህ ጻፍ፣ ሰው ያየዋል› አልኩት። ‹ለመዝገብ ቤት ይዋሻል፣ ለጂዞ ግን አይዋሽም። የበግ ዓመት ብዬ ብለምን ልመናዬ ሌላ ሴት ጋ ይሄዳል› አለኝ።»

«ሞቴን ነው እኮ የለመነው!»

«አዎ፣ ሞትሽን ነው የለመነው። ባንድ ቀን እንድትቀድሚው።» ስንጥሩን አስቀመጡት። «ካንቺ ቀድሞ ከሞተና ነገሩ ከወጣ ሰው ምን እንደሚልሽ ያውቅ ነበራ። አንቺን በክብር ቀብሮ በማግስቱ ሊከተልሽ ነበር ያሰበው ያ ሞኙ ወንድሜ። አልሆነለትም። ለቅሶው ላይ ያየሁሽ ለዚህ ነው። ልመናው አልሰመረም፣ ብቻሽን ቀረሽ እያልኩ ነው ያየሁሽ።»

ከዚያ እጄን ያዙና «አሁንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። በግ ሆነሽ ኑሪ» አሉኝ።

አይ አንተ ሰው! ማለዳ ማለዳ ድምፅህ ተዘግቶ ስትመለስ ሲጋራ ደብቀህ የምታጨስ መስሎኝ ኪስህን ስበረብር ኖሬያለሁ። ማር በሙቅ ውሃ በጥብጬ፣ እየተሳደብኩ፣ አጠጣህ ነበር። አንተ ደግሞ ጠጥተህ፣ አመስግነህ፣ በማግስቱ ወርደህ እንደገና ሞቴን ትለምናለህ። ተናድጄብሃለሁ። የኔን ሕመም ከሳዮኮ ምላጭ ሥር ጠይቀህ፣ ለእህትህ መርፌ፣ ለድንጋይ ነግረህ ለኔ አለመንገርህ አንገብግቦኛል። ግን አንጀቴን በልተኸዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ አልደረቀም።

በግ ሆኜ መኖር ደግሞ አልቻልኩም። አንድ ሳምንት ሞከርኩት። ሰው ሱቅ ገብቶ ስለ ዘንድሮው ዓመት ሲያወራ፣ «አንቺስ ለጥቂት አመለጥሽ» ሲለኝ፣ ዩባውን በጥድፊያ ጠቅልዬ አስረክበዋለሁ። ትናንት ማለዳ ገደሉ ወረድኩ። ጂዞው ፊት ቆሜ፣ እንዳንተ፣ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ፦ «የፈረስ ዓመቷ ሴት እኔ ነኝ! ቺዙሩ ነኝ! ባሌን ቀበርኩት እንጂ አልበላሁትም!» መቅበሩ እንኳ ገና ነው፤ ለጂዞ አይዋሽም ብለሃል፣ በዚህ ይቅርታ ጠይቅልኝ።

እማማ ኦቶሜ ዱላቸውን ይዘው እየተንገዳገዱ መጡ። ሰምተዋል። እሳቸው ከሰሙ ከተማው ሰማ ማለት ነው፤ ያንን አውቄ ነው የጮህኩት። ከሰዓት በፊት አንዷ ደንበኛችን ዩባዋን ተቀብላ ስትወጣ በሩ ላይ ለጓደኛዋ «ይኸው በላችው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አመመኝ ሞሪዮ። ሳዮኮ እንዳለችው ነው የሚያመው። ግን ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ጠራቢው ጋ ሄጄ «ቅረጸው» አልኩት። ፊቴ ላይ እያየኝ «አሁን እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «ቀለሙን አታሳሳው» አልኩት።

መጻፍ የፈለግኩት ግን ይህን አይደለም። እማማ ኦቶሜ ያሉኝን ነው። ጩኸቴን ጨርሼ ስቆም ክንዴን ያዙኝና «እህ! ለካ ለዚያ ነው!» አሉ። «ካቻምና፣ ያ አውሎ ነፋስ በመጣ ሰሞን፣ ሰውዬሽ በዝናብ ጫማ እንኳ ሳያደርግ እየሮጠ ወረደ። አበደ ብዬ ተከተልኩት። ጨርቁን ከጂዞው አንገት በጥርሱ ሲፈታ አገኘሁት። ‹ተው! ያልኩህን እርሳው! አሁን አይደለም! አትስማኝ!› እያለ ድንጋዩን በጥፊ ይመታዋል።»

ካቻምና፣ በዚያ አውሎ ነፋስ ሰሞን፣ እኔ ሆስፒታል ሆዴን ተቀድጄ ሐኪሞቹ «ዛሬን ካለፈች» ያሉህ ቀን ነው። ስነቃ ካጠገቤ አልነበርክም። ቆይተህ ነው የመጣኸው፣ በስብሰህ፣ እግርህ ደምቶ። «የት ነበርክ?» ብልህ «አውቶቡስ አመለጠኝ» አልከኝ፤ ያኔም አላመንኩህም ነበር።

«ከዚያስ?» አልኳቸው እማማ ኦቶሜን።

«ከዚያ ተንበርክኮ ሌላ ነገር ጮኸ። ግን ወንዙ ሞልቶ ነበር ልጄ፣ አልሰማሁትም።»

እኔ ያኔ ከሆስፒታሉ አልጋ ተነስቼ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። አንተ ግን ከዚያ በሁለተኛው የበረዶ ወራት ልብህ ድንገት ቆመ። ምን ብለህ እንደጮህክ ማንም አልነገረኝም፣ ጂዞውም አይናገርም። እኔ ግን እጠረጥራለሁ። ሰው የማንን ነፍስ በማን ነፍስ ለውጥልኝ ብሎ እንደሚለምን፣ ምን ሰጥቶ ምን እንደሚቀበል ያንተ ሚስት ሆኜ አጣዋለሁ? እንዲህ ያለውን ውል ሳታማክረኝ ገብተህ ከሆነ፣ ሞሪዮ፣ ከጎንህ የምተኛው ሰላም ልሰጥህ እንዳይመስልህ።

እሑድ ወደ መቃብሩ ይዤህ እወርዳለሁ። ሥፍራዬን አስፍተህ ጠብቀኝ፤ ስመጣ መጀመሪያ የምጠይቅህ እሱን ነው።

ያንተዋ ፈረስ፣
ቺዙሩ